የልብስ ሰፊው ቶም መዝገብ

እንግሊዝ አገር፣ ኮቬንትሪ ከተማ፣ ብሮድጌት በሚባለው አደባባይ ላይ አንድ ትልቅ የሕንፃ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሞልቶ ሲደውል በር ይከፈትና ፀጉሯን የለቀቀች ሴት እርቃኗን ፈረስ ላይ ተቀምጣ ብቅ ትላለች፤ በአንዱ በር ወጥታ፣ በሰው ሁሉ ፊት አልፋ፣ በሌላው በር ትገባለች። ይኼኔ ከበላይዋ ካለች መስኮት አንድ ሰውዬ ራሱን ያወጣና ቁልቁል ያፈጥባታል። እሷ ስትገባ እሱም ይሰወራል። በሚቀጥለው ሰዓት ደግሞ እንደገና ሥራቸው ላይ ይገኛሉ።

ትርኢቱ የተጀመረው በ1953 ነው (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። አደባባዩ ላይ የቆመው ሰው አንገቱን ያንጋጥጣል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ «እያት፣ እያት!» እያለ ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣል። እንግዲህ ሁሉም አይቷል። ስሙ የጠፋው ግን የመስኮቱ ሰውዬ ብቻ ነው። ስሙ ቶም፣ ሥራው ልብስ ሰፊ ነው ይባላል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ በሰው መስኮት የሚያጮልቀውን፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያየውን፣ የጎረቤት መጋረጃ መቼ እንደሚነሳ ተደብቆ የሚጠብቀውን ሰው «ፒፒንግ ቶም»፣ አጮላቂው ቶም፣ ብሎ ይጠራዋል።

እንግሊዞች የሰውን ገመና ለሚከታተል ሰው የስም ድሃ አይደሉም። ሰላዩ «ስፓይ» ነው፤ እሱ ደመወዝና አለቃ አለው፣ ሲቀናውም ኒሻን ይሸለማል። ጆሮ ጠቢው «ኢቭስድሮፐር» ነው። ስሙ የመጣው የዝናብ ውኃ ከቤት ክዳን ጠርዝ ከሚንጠባጠብበት ቦታ ነው፤ እዚያ ጥግ ተለጥፎ የቤት ውስጥ ወሬ የሚያዳምጥ ሰው ማለት ነው፣ ለወሬ ሲል ዝናብ የሚመታው። ሦስተኛው «ስኑፐር» ነው። ቃሉን አሜሪካ ያደረሱት የኔዘርላንድ ሰፋሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በእነሱ ቋንቋ ተደብቆ ጣፋጭ መብላት ማለት ነበር። ጓዳ ገብቶ ስኳር የሚልሰው ልጅ አድጎ የሰው መሳቢያ የሚፈትሽ ሆነ ማለት ነው።

አጮላቂው ቶም ከሦስቱም ይለያል። ደመወዝ የለው፣ የሚያቀብለው ወሬ የለው፣ የሚልሰው ስኳር የለው። የሚያየው ለማየት ብቻ ነው። ፍራንሲስ ግሮስ የተባለው እንግሊዛዊ የመንደር ቋንቋን በሰበሰበበት መዝገበ ቃላት፣ በ1796ቱ ዕትም፣ ስሙ የሰው ነገር ለማወቅ ለሚቅበጠበጥ ሰው የወጣ ቅጽል መሆኑን ጽፎ ምንጩን ወደ ኮቬንትሪው ልብስ ሰፊ ይመራል። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከመንደር ተነስቶ ጋዜጣ ገባ፣ ከጋዜጣ ፊልም ቤት፣ ከፊልም ቤት ፍርድ ቤት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ መዝገቡን ከሥሩ ማየት ነው።

የክሱ ጭብጥ ይህ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መርሲያ የሚባለውን ግዛት ሊዮፍሪክ የተባለ መስፍን ያስተዳድር ነበር። መስፍኑ በኮቬንትሪ ሰው ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። ሚስቱ ጎዳይቫ «ኧረ ሕዝቡ አለቀ፣ ተወው» እያለች ነዘነዘችው። ባል ተሰላቸ። ሊያመልጣት ሲል፣ አታደርገውም ብሎ እርግጠኛ ሆኖ፣ «እርቃንሽን ፈረስ ላይ ተቀምጠሽ ገበያውን ካቋረጥሽ እተወዋለሁ» አላት። አደረገችው። ፀጉሯን ፈትታ ገላዋን እስከ ባቷ ሸፈነችና ሄደች፤ ባልም ቃሉን ጠበቀ። በኋላ በተጨመረው ታሪክ ደግሞ ከመሄዷ በፊት ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲገባና በርና መስኮቱን እንዲዘጋ ታወጀ። ከተማው በሙሉ ዘጋ። ቶም ብቻ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ቀዳዳ በስቶ አየ፤ ወዲያውም ዓይኑ ጠፋ።

ዐቃቤ ሕግ በዚህ አበቃ። አሁን ተራው የመከላከያ ነው።

ሊዮፍሪክም ጎዳይቫም በእርግጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1043 ኮቬንትሪ ላይ ገዳም አቁመዋል። ባል በ1057 ሞተ፣ ሚስት ከሱ በኋላ ዓመታት ቆየች። ኖርማኖች እንግሊዝን ወርረው ከያዙ በኋላ፣ በ1086፣ መሬቱንና ገባሩን ሁሉ ያስመዘገቡበት «ዱምስዴይ ቡክ» የሚባል መዝገብ አለ። እዚያ ላይ ኮቬንትሪ የማን ይዞታ ሆና ተመዘገበች? የራሷ የጎዳይቫ። የሕዝቡስ ብዛት? ወደ ሰባ አባወራ። «ከተማ» የተባለችው ያን ጊዜ እርሻ ያላት መንደር ነበረች ማለት ነው፤ ቀረጡን የምትሰበስበውም ባለቤቷ ወይዘሮ ጎዳይቫ ሳትሆን አትቀርም። ስለዚህ ታሪኩ እውነት ከሆነ፣ ሴትየዋ ባሏን የለመነችው የራሷን ገቢ እንዲተውላት ነው። የታሪክ ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ ራሳቸውን ያከኩ ቆይተው፣ የፈረሱ ጉዞ አፈ ታሪክ ነው ወደሚለው ያዘነብላሉ።

የፈረሱን ታሪክ በጽሑፍ ያሰፈረው የመጀመሪያው ሰው የሴንት ኦልባንስ ገዳም መነኩሴ ሮጀር ኦቭ ዌንዶቨር ነው። የሞተው በ1236 ነው፤ ሴትየዋ ካረፈች መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በመነኩሴው ጽሑፍ ጎዳይቫ ሁለት ባላባት ወታደሮች አጅበዋት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ገበያ መካከል አልፋለች። መስኮት ዝጉ የሚል አዋጅ የለም። የተደበቀ ሰው የለም። ቶም የሚባል ልብስ ሰፊ አይደለም፣ መርፌ እንኳ የለም።

ታዲያ ከየት መጣ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብቅ አለ። ስድስት መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ የዓይን ምስክር እንኳ ተቀባይነት የለውም፤ ቶም ግን ስድስት መቶ ዓመት ዘግይቶ ተከሳሽ ሆነ። በዚያ ላይ ተራኪዎቹ በማንነቱ አልተስማሙም። ከ1700 በፊት ተጽፏል በሚባል አንድ ደብዳቤ አጮላቂው ልብስ ሰፊ ሳይሆን የራሷ የጎዳይቫ ፈረስ ጠባቂ ነው፤ ስሙም «አክሽን» ይባላል። በቅጣቱም አልተስማሙም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝን ታሪክ የጻፈው ፈረንሳዊው ራፔን፣ አንድ ሰው ማየት አማረውና በሕይወቱ ከፈለ ይላል። ሌሎቹ ዓይኑን ብቻ ያጠፋሉ። ባለቅኔው ቴኒሰን በ1840 ኮቬንትሪ ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ በዚሁ ታሪክ ላይ ግጥም ለመጻፍ ተነሳ፤ በሱ ግጥም ደግሞ ሰውዬው ዓይኑ የሚጠፋው ገና ሳያያት ነው። ሙከራ እንጂ የተፈጸመ ወንጀል የለም። አንድ ሰው በአንድ ጥፋት አንዴ ተገድሎ፣ አንዴ ታውሮ፣ አንዴ ሳያይ ታውሮ ሲቀጣ ይግባኝ የሚልለት ጠበቃ ማጣቱ ያሳዝናል።

ስሙም ቢሆን ያጠራጥራል። ቶማስ በዚያ ዘመን የነበሩት አንግሎ ሳክሶኖች ለልጆቻቸው የሚያወጡት ስም አልነበረም። የእነሱ ስም ሊዮፍሪክ፣ ኤድዋርድ፣ ሃሮልድ ዓይነት ነው። ቶም የሚለው ስም በኋለኛው እንግሊዝኛ ለማንም ሰው የሚሰጥ ነው፤ እኛ ማንንም ስንል «አበበ» እንደምንለው። ወንድ ድመት ቶም ነው፣ ተራ ወታደር ቶሚ ነው፣ ጅላጅሉም በዚሁ ስም ይጠራል። ቶማስ የሚለው ስም ደግሞ ቀድሞውንም ከማየት ጋር ጣጣ አለበት። ከሐዋርያት መካከል «ካላየሁ አላምንም» ያለው ማን ነበር? ሐዋርያው ግን ሲጠይቅ በግልጽ ጠየቀ፤ አሳዩትም። ቀዳዳ አልበሳም።

የከተማው ሰው ነገሩን እንዲህ አይመረምርም። ከ1678 ጀምሮ ኮቬንትሪ በትልቁ የገበያ በዓሏ ላይ የጎዳይቫን ሰልፍ ማካሄድ ያዘች። ጎዳይቫን ሆና የምትጫወተው ፈረስ ላይ ትቀመጣለች፤ ከኋላዋ ሹማምንቱና የየሙያ ማኅበሩ አባላት ይከተላሉ፤ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ይጠቀጠቃል። አያቶቻቸው «መስኮት ዝጉ» የተባሉ ሰዎች አሁን በመስኮት ቦታ ለማግኘት ይሻማሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ኃጢአቱን የሚሸከም አንድ ሰው ያስፈልጋልና አንድ የእንጨት ምስል በፎቅ መስኮት ላይ ቆመ፤ ቶም ተባለ። የከተማው መዝገብ ስሙን የሚያነሳው በሰኔ 1773 ነው፤ የሚያነሳውም በወንጀል አይደለም፤ አዲስ የራስ ፀጉርና ቀለም ስለተገዛለት ነው። የከተማው ሂሳብ ሹም አጮላቂውን አላስቀጣውም፤ አስዋበው።

መዝገቡ ውስጥ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ የሚገርመው ይኼ ምስል ነው። በዕድሜ አምስት መቶ ዓመት የሚጠጋው፣ ከባሉጥ እንጨት የተጠረበ፣ ሙሉ ቁመት ያለው ሰው ነው። ዓይኑ ፈጦ ወደ ታች ያያል። በመስኮት አጎንብሶ እንዲያይ እንዲመች እጆቹ ክንዱ ላይ ተቆርጠዋል። ቀረብ ብሎ ልብሱን ላየ ሰው ግን አንድ ነገር አይዋጥለትም፤ ምስሉ የለበሰው ጥሩር ነው። ራሱ ላይ የብረት ቁር አለ። ልብስ ሰፊ ጥሩር ለብሶ ሱሪ ሲያሳጥር ማን አይቶ ያውቃል?

ምስሉን የመረመሩት ሰዎች መልስ አላቸው። ይህ ቶም አይደለም፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

አዎ፣ ያው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ኢትዮጵያውያን በአድዋ ጦርነት ታቦቱን ይዘው የዘመቱለት፣ አራዳ ላይ ደብር፣ ስታዲየም ውስጥ ክለብ፣ ጠርሙስ ላይ ስም ያለው ሰማዕት። እንግሊዞችም ጠባቂ ቅዱሳችን ነው ይላሉ፤ እነሱ በአፕሪል 23፣ እኛ በሚያዝያ 23 እናከብረዋለን፤ ወሩ አንድ መስሎ የዘመን አቆጣጠራችን በስምንት ቀን ያራርቀናል። ኮቬንትሪ ደግሞ ከሌላው የእንግሊዝ ከተማ የበለጠ የኔ ነው የምትልበት ምክንያት አላት፤ በ1596 የታተመ የሪቻርድ ጆንሰን የጀግኖች ተረት ሰማዕቱን የኮቬንትሪ ተወላጅ አድርጎት ነበር። እንግዲህ ምስሉ አንድ ጊዜ ዘንዶ ይወጋ የነበረ ሊሆን ይችላል። ወደ ታች የሚያየው ዘንዶው እግሩ ሥር ስለነበረ ነው። ጦር የያዘበት እጁ ተቆረጠ፣ ዘንዶው ጠፋ፣ ፀጉር ተገጠመለት፣ ፎቅ ላይ ወጣ፤ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ወደ ታች እንዳየ ቀረ። ከሰማዕትነት ወደ አጮላቂነት እንዲህ ያለ ዝውውር የደረሰበት ቅዱስ በስንክሳር ተፈልጎም አይገኝ።

በዚሁ ከተማ በኸርበርት ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የጆን ኮሊየር ሥዕል ተሰቅሏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሣለ ነው። ጎዳይቫ ቀይ ልብስ በለበሰ ፈረስ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ያለው መንገድ ጭር ብሏል። ቶም ሥዕሉ ውስጥ የለም። ሥዕሉ ፊት ቆሞ የሚያየው ሰው ግን ሁልጊዜ አለ፤ የመግቢያ በር አልፎ፣ አንዳንዴም መነጽሩን ጠራርጎ። ሴትየዋ ራሷ ብራስልስ ውስጥ የቸኮሌት ስም ሆነች፤ ፈረሷ ላይ እንዳለች በወርቃማ ካርቶን ላይ ታትማ በአየር ማረፊያ ሱቆች ትሸጣለች። ጎዳይቫ ቸኮሌት ሆነች፣ ሊዮፍሪክ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ቶም የወንጀል ስም ሆነ። ዕጣ ማለት ይኼ ነው።

የወንጀል ስም ሆነ የተባለው ለማለት ያህል አይደለም። በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት የወንጀል ሕግ «ፒፒንግ ቶም» የሚል ርዕስ ያለው አንቀጽ አለው። የሳውዝ ካሮላይና ሕግ ስሙን እየጠራ ይተረጉመዋል። አትላንታና አካባቢዋ የከተሙት ሐበሾች የሚተዳደሩበት የጆርጂያ ሕግም እንዲሁ፤ በዚያ ትርጉም መሠረት ፒፒንግ ቶም ማለት በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ወይም አጠገብ ሆኖ፣ የሰውን ገመና ለመሰለል፣ በመስኮት ወይም በበር የሚያጮልቅ ሰው ነው። ሕግ አውጪዎች ተሰብስበው፣ እጅ አውጥተው፣ የአንድ ተረት ሰውዬ ስም በወንጀል ሕግ ውስጥ አስገብተዋል። ነፍሰ ገዳይ እንኳ «ቃየል» ተብሎ ሕግ ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ የመከላከያ ጠበቃው ተነስቶ መነጽሩን ያስተካክላል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሌላ ሰው ይዞታ ይላል ሕጉ። ደንበኛዬ የት ነበር? በገዛ ቤቱ። ያየው ወዴት ነው? ወደ መንገድ። ከውጭ ወደ ውስጥ አላየም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ያየው። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መስኮቱ፣ በገዛ እንጨቱ ላይ በበሳው ቀዳዳ።»

ክርክሩ እንግሊዝ አገር ሲሄድ እንዲያውም ይጠነክራል። የእንግሊዝ ፓርላማ ተደብቆ ማየትን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረገው በ2003 ባወጣው የወሲብ ወንጀሎች ሕግ፣ አንቀጽ 67 ላይ ነው፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ይደርሳል። ሕጉ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ፣ የታየው ሰው ገመናዬ ይከበርልኛል ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ መሆኑ ነው፤ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ መለኪያ ክፍል። የኮቬንትሪ ዋና ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፈረስ ላይ? ዳኛው ፋይሉን ገልብጠው ሳይጨርሱ ተከሳሹ ኮፍያውን አንስቶ ይወጣ ነበር። በቶም ስም የሚጠራውን ወንጀል የሚፈጽም ሁሉ ሲቀጣ፣ ራሱ ቶም ብቻ ሕጉ አይነካውም።

እውነተኞቹ ቶሞች ግን ተረት አይደሉም፤ ከእነሱ ጋር ሳቅ የለም። በ2008 አንዲት ታዋቂ አሜሪካዊት የስፖርት ጋዜጠኛ፣ ኤሪን አንድሩስ፣ ለሥራ ናሽቪል ከተማ ሆቴል አረፈች። አንድ ሰው የት እንዳረፈች አጣርቶ ከክፍሏ ጎን ያለውን ክፍል ተከራየ። የሆቴል በር ላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት ሁሉም ያውቃታል፤ እንግዳው ሲያንኳኳ ከውስጥ ሆኖ ማንነቱን ማያ ናት። ሰውዬው መስታወቷን ነካክቶ ከውጭ ወደ ውስጥ እንድታሳይ አደረጋትና ጋዜጠኛዋን በስልኩ ካሜራ ልብስ ስትቀይር ቀረጻት፤ ቪዲዮውም ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ሰውዬው ተይዞ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። በመጋቢት 2016 ደግሞ ናሽቪል የተሰየመው የፍትሐ ብሔር ችሎት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) 55 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰኑ፤ ግማሽ ያህሉን ሰውዬው፣ የቀረውን ሆቴሉን የያዙትና የሚያስተዳድሩት እንዲከፍሉ። ለጥበቃ የተሠራችው መስታወት በራሷ ባለቤት ላይ ዞረች፤ ዳኞቹም በሩን የነካካው ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ክፍል ያከራየውም ይጠየቅ አሉ።

እንግሊዞቹም በ2003ቱ ሕግ ዕረፍት አላገኙም። በ2017 ለንደን ሃይድ ፓርክ የሙዚቃ ድግስ ላይ ጂና ማርቲን የተባለችን ወጣት አንድ ሰው ስልኩን ከቀሚሷ ሥር አስገብቶ ፎቶ አነሳት። ስልኩን ነጥቃ ወደ ፖሊስ ሮጠች። ፖሊስ ብዙ ሊያደርግ የሚችለው ነገር እንደሌለ ነገራት፤ ሜዳ ላይ ነበረችና፣ ሕጉ ደግሞ ዝግ ቦታ ይላል። የቶም መከላከያ ያስቀናው ያ የአደባባይ ክርክር እዚህ ላይ መራር ሆነ። ሴትየዋ አልተወችም፤ ፊርማ አሰባሰበች፣ ጠበቃ ያዘች፣ የምክር ቤት አባላትን በር አንኳኳች። በ2018 ይህን የሚከለክል የሕግ ረቂቅ ሲቀርብ ክሪስቶፈር ቾፕ የተባሉ አንድ የምክር ቤት አባል በአሠራሩ መሠረት ድምፃቸውን አሰምተው «እቃወማለሁ» ስላሉ ብቻ ቆመ። ምክር ቤቱ አጉረመረመ፤ መንግሥት ራሱ ረቂቁን ወሰደውና በየካቲት 2019 ሕግ ሆነ። አሁን እንዲህ ያለውን ፎቶ ማንሳት በአደባባይም ወንጀል ነው።

ደቡብ ኮሪያ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚስማር ቀዳዳ በምታህል ቦታ የሚደበቁ ካሜራዎች በዙ፤ በ2018 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሶል አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ከተማውም መጸዳጃ ቤቶችን በመሣሪያ የሚፈትሹ ሠራተኞች አሰማራ። እዚያው አገር የሚሸጥ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንዲያሰማ ከ2004 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ደንብ አለ፤ ባለቤቱ ስልኩን ድምፅ አልባ ቢያደርገው እንኳ ካሜራው አይታዘዝም። የተኛ ልጁን ፎቶ ሊያነሳ ሲል የሚቀሰቅሰው ኮሪያዊ አባት በዚህ ደንብ ይማረራል። ልብስ ሰፊው ቶም ቀዳዳውን ሲበሳ መሰርሰሪያው ሳይጮህ አልቀረም፤ የኮሪያ ደንብ ያንን ጩኸት ነው መልሶ ያመጣው።

በዚህ መካከል ስሙ ፊልም ቤትም ደርሶ ነበር። በ1960 ማይክል ፓውል የተባለው ታላቅ እንግሊዛዊ የፊልም ዳይሬክተር «ፒፒንግ ቶም» ብሎ የሰየመው ፊልም ወጣ። ስለ አንድ ካሜራ ያዥ ነው፤ ሴቶችን እየገደለ በሞታቸው ሰዓት ፊታቸውን ይቀርጻል። የለንደን የፊልም ሐያሲዎች በአንድ ድምፅ ተነሱበት፤ ፊልሙ ከየአዳራሹ ወረደ፣ የፓውልም የእንግሊዝ አገር ሥራ በዚያው ተሰናከለ። ለምን እንዲህ ተቆጡ? አንዱ ምክንያት ፊልሙ ተመልካቹን ከገዳዩ ካሜራ ጀርባ ስላቆመው ነው። ትኬት ቆርጦ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «አንተም እኮ እያየህ ነው» ሲባል አይወድም። የሚያስቀው፣ በዚያው ዓመት አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ»ን አወጣ። እዚያም የሆቴል ባለቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አንስቶ በቀዳዳ እንግዳይቱን ልብስ ስታወልቅ ያያል። ሂችኮክ ግን ፊልሙን ለሐያሲዎች ቀድሞ አላሳየም፤ እነሱም ከሕዝብ ጋር ተሰልፈው እንዲገቡ አደረገ። ሀብታም ሆነ። ፓውልን ከዓመታት በኋላ ከተረሱ ሰዎች መሐል ያወጣው ማርቲን ስኮርሴዚ ነው፤ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ እንደገና እንዲታይ ከኪሱ ሳይቀር ረድቷል። ዛሬ የፊልም ተማሪዎች ይማሩበታል። ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ዓመት፤ አንዱ ዳይሬክተር በለጸገ፣ ሌላው ተሰደበ።

ዕለታዊው እንግሊዝኛም በስሙ እየተጫወተ ነው። ቃሉ ዛሬ ለወንድም ለሴትም ይውላል፤ ሴት አጮላቂ «ቶም» ስትባል ማንም ግራ አይጋባም። ጋዜጣ የመንደሩን አጮላቂ ፖሊስ ያዘው ሲል በዚሁ ስም ይጽፈዋል። ሰዎች ለቀልድም ይሉታል፤ ዛፍ ላይ ሆኖ በመስኮት የሚያፈጠውን ሽኮኮ፣ ምሳ ሲበላ ዓይን ዓይኑን የሚያየውን ውሻ። ለመንግሥት ስለላና ለመንገድ ካሜራ ግን ብዙም አይሉትም፤ እነዚያ የከበረ የፈረንሳይ ስም ወጥቶላቸዋል፣ «ሰርቬይላንስ» ይባላሉ። ድሃ ሲያጮልቅ ቶም ነው፤ ባለሥልጣን ሲያጮልቅ መሥሪያ ቤት ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ችሎቱ የግራ ቀኙን ሰምቶ መዝገቡን መርምሯል።

ተከሳሽ ቶም፣ ሥራው ልብስ ሰፊ፣ አድራሻው ኮቬንትሪ፣ ዕድሜው ያልታወቀ። መኖሩ በሰነድ ያልተረጋገጠ በመሆኑ፤ ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለ በኋላ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ስሙን የጠራ ምስክር ባለመገኘቱ፤ በኤግዚቢትነት የቀረበው የእንጨት ምስል የሌላ ሰው፣ ያውም የሰማዕት፣ ሊሆን እንደሚችል በመታወቁ፤ በስሙ በወጣው ሕግ እንኳ ጥፋተኛ ሊባል የማይችል በመሆኑ፤ በዚያ ላይ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ሞት፣ ሁለት ጊዜ ዕውርነት የተፈረደበት በመሆኑ፣ በነፃ ይሰናበት ብለናል። የሆቴል በር የሚነካኩት፣ መጸዳጃ ቤት ካሜራ የሚደብቁት፣ ስልካቸውን የሰው ቀሚስ ሥር የሚሰዱት ግን በየአገራቸው ሕግ፣ በገዛ ስማቸው ይጠየቁ። መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል።